እውነት ወይስ ተረት? የፍርድ ቤት የሥራ ፈተናና የሶዶ ወሬ

ሶዶ ከተማ ውስጥ የፍርድ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር ወሬው ከወረቀቱ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። ወረቀቱ አጭር ነው፤ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፣ የትምህርት ዝግጅት፣ የሥራ ልምድ፣ የመመዝገቢያ ቀን፣ ከሥሩ ፊርማና ማኅተም። ወሬው ግን ረጅም ነው። ቦታው ለማን እንደታሰበ፣ ጥያቄው ከየትኛው ወረቀት እንደሚወጣ፣ ማን ገና ሳይፈተን እንደወደቀ ሳይቀር ያውቃል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ነበር የሄድኩት። በማኔጅመንት ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ የተንከራተተች ልጅ ናት፤ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ልትመዘገብ ዲግሪዋን ኮፒ እያስደረገች ነበር። ባለ ኮፒ ቤቱ ነገሩ ሲገባው ከጠረጴዛው ሥር ጠርዙ የተበላ ጥራዝ መዘዘና «እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽ አለቀ፤ ከዚህ ውጭ አይመጣም» አላት። ከፈለች። ማታ እናቷ ቤት ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ ገለጥነው።

ተረት፦ «ጥራዙን የሸመደደ ያልፋል»

ሦስተኛው ገጽ ላይ «በኢትዮጵያ ስንት ክልሎች አሉ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ «ዘጠኝ» የሚለው መልስ በእስክሪብቶ ተከቧል። ዝቅ ብሎ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሐዋሳ ነው ይላል። ልጅቷ ይህን የምታነበው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ በሆነችው ሶዶ ተቀምጣ ነው። የምትወዳደርበት ክልል ስሙ እንኳ ጥራዙ ውስጥ የለም።

ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ተከተለ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የቀረው ደቡብ ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ። ዛሬ ክልሎች 12 ናቸው። ይሁንና በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 በስም የተዘረዘሩት አሁንም ዘጠኝ ናቸው። «በሕገ መንግሥቱ የተዘረዘሩት ስንት ናቸው?» ከተባለ መልሱ አንድ ነው፤ «በአሁኑ ጊዜ ያሉት ስንት ናቸው?» ከተባለ ሌላ ነው። በቃል የያዘ ተፈታኝ ሁለቱንም በአንድ መልስ ይመልሳል፤ አንዱን ይስታል።

ገለጥ ስናደርግ የባሰ መጣ። ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚናገረው ክፍል ሁሉ የተቀዳው ከአዋጅ ቁጥር 25/1988 ነው። ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ተተክቷል። ስለ መንግሥት ሠራተኛ የሚያወራው ክፍል አዋጅ ቁጥር 1064/2010ን ይጠቅሳል፤ እሱም ቢሆን በ1353/2017 ተተክቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እነዚህ የፌዴራል ሕጎች ናቸው። የወላይታ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ሆነ የቦዲቲ፣ የአረካ፣ የገሱባ ፍርድ ቤቶች የክልል ፍርድ ቤቶች ናቸው። የክልል ሠራተኛ የሚተዳደረው በክልሉ ሕግ ነው። ማስታወቂያው ከፌዴራል ፍርድ ቤት የወጣ ነው ወይስ ከክልል? አንድ ሰው ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ይህችን ቢመልስ የሁለት ሳምንት ድካም ይተርፈው ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ ትክክል መስሎን ደስ ሊለን ነበር፤ «ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ያለው ማን ነው?» የሚለው። ጥራዙ «የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት» ብሏል። ስህተት ነው። በአንቀጽ 83 መሠረት የሕገ መንግሥት ክርክር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሚያጣራለት 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትሉ የጉባኤው አባላት ስለሆኑ ነው ብዙ ሰው የሚምታታበት። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ጥያቄው ተገልብጦ ቢመጣ አይደናገርም።

ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ ነው። ስለ ፍርድ ቤት የሚናገረው ምዕራፍ ዘጠኝ ከአንቀጽ 78 እስከ 84 ያለው ሰባት አንቀጽ ብቻ ነው፤ ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ተነቦ ያልቃል። በዚያ ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሚናገረውን አንቀጽ 19፣ የተከሰሱ ሰዎችን መብት የያዘውን አንቀጽ 20፣ ፍትሕ የማግኘት መብትን ያሰፈረውን አንቀጽ 37 ጨምሩ። ከጥራዙ አርባ ገጽ ይልቅ ይህ ይበልጣል፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው።

ተረት፦ «ሕግ ያልተማረ ፍርድ ቤት ምን ይሠራል?»

ዳኝነትና የአስተዳደር ሥራ ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። ዳኛ የሚታጨው በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ በኩል ነው፤ የሚሾመው ምክር ቤት ነው። በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚወጡት ግን ሌሎች ናቸው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የችሎት ጸሐፊ፣ የችሎት ሥርዓት አስከባሪ፣ መጥሪያ አድራሽ፣ አስተርጓሚ፣ የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ባለሙያ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የግዥና የሰው ሀብት ባለሙያ። ከእነዚህ አንዳንዱ የሕግ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ሬጅስትራርነት በብዙ ቦታ እንዲያ ነው። ብዙዎቹ ግን በማኔጅመንት፣ በሴክሬታሪያል፣ በአካውንቲንግ፣ በአይሲቲና በመሳሰለው ለተመረቀ ክፍት ናቸው። ወሳኙ ማስታወቂያው ላይ «ተፈላጊ ችሎታ» ከሚለው ሥር የተጻፈው ነው።

ሆኖም ሕግ አለመማር ሌላ፣ ስለ መዝገብ ጉዞ ምንም አለማወቅ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ለፈተና ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ይህን ነው።

አንድ የኦፋ ገበሬ የወሰን ክርክር ይዞ መጣ እንበል። የክስ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ይቀርባል። ማመልከቻው የፍርድ ቤቱን ስም፣ የከሳሽና የተከሳሽን ስምና አድራሻ፣ የክሱን ምክንያት፣ የሚጠየቀውን ዳኝነት መያዙ ይታያል፤ የማስረጃ ዝርዝሩ ተያይዟል ወይ ይባላል። የዳኝነት ክፍያ ይከፈላል፣ መዝገቡ ቁጥር ያገኛል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ለተከሳሽ መጥሪያ ይወጣል። ይህ ሁሉ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ያለ ነው፤ ማመልከቻው ስለሚይዘው ነገር አንቀጽ 222ንና 223ን፣ ስለ መጥሪያ ከአንቀጽ 94 ጀምሮ ያለውን ማንበብ ይቻላል።

አሁን አንቀጽ 70ን ተመልከቱ። ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን ካልቀረበና መጥሪያው በአግባቡ እንደደረሰው ከተረጋገጠ ክርክሩ እሱ በሌለበት ይሰማል። ወላይታ በአገሪቱ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው፤ መሬት ጠባብ ነው፣ ለአንድ ቤተሰብ የቀረው ማሳ አንዳንዴ የእንሰት ጓሮና ጥቂት የበቆሎ መደብ ብቻ ነው። መጥሪያው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ «ደርሷል» ተብሎ ከተጻፈ፣ ወይም የቀጠሮው ቀን ተሳስቶ ከተመዘገበ፣ ያ ሰው አፉን ሳይከፍት ጓሮውን ሊያጣ ይችላል። ዳኛው ያየው ወረቀቱን ነው፤ ወረቀቱን ያዘጋጀው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ለጎረቤቴ ልጅ ይህን ስነግራት ጥራዙን አጠፈችው። «ታዲያ የምፈተነው ለዚህ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ለዚህ ነው።

ተረት፦ «ኮምፒውተር እችላለሁ»

ስልክ ላይ በአማርኛ የሚፈጥን ጣት ኪቦርድ ላይ ሲያርፍ ይደነግጣል። ብዙ መደብ የተግባር ፈተና አለው። በዚህ ፈተና ላይ ወሬም ጥራዝም አይረዳም፤ ሰዓቱ እየቆጠረ ጣት ይታያል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው፣ ግን ዕለታዊ ነው። አንድ ገጽ የአዲስ ዘመን ጽሑፍ ፊታችሁ አኑሩ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ ጻፉ፣ ከዚያ ስህተቱን በቀይ ቁጠሩ። በማግስቱ ድገሙት። የምትለማመዱበት የፊደል አጻጻፍ ስልት ፓወር ግዕዝ ከሆነና የፈተናው ኮምፒውተር ላይ ሌላ ከተጫነ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይባክናሉ። በሁለቱም መንገድ ብትለምዱ ይሻላል፤ ምዝገባ ላይም የትኛው እንደተጫነ ጠይቁ።

ፍርድ ቤት ውስጥ ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። «ዓለማየሁ» አንድ መዝገብ ላይ በዓይኑ «ዓ»፣ ሌላ መዝገብ ላይ በአልፋው «አ» ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚያየው። ባለጉዳዩ የውሳኔ ግልባጭ ሊወስድ መጥቶ «በዚህ ስም መዝገብ የለም» ይባላል። ስም መታወቂያው ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል መጻፍ የዚህ ሥራ ግማሽ ነው።

ኤክሴል ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፤ ለብቻው ልምምድ ይገባዋል። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆችን ቀን ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሚል ቅደም ተከተል የተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ የየካቲት 30 ቀጠሮን 30/6/2017 ብላችሁ ብትጽፉ የፈረንጆች ጁን 30 አድርጎ ይወስደዋል። የጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብትሉት ደግሞ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ከዚያ «ቀጠሮዎቹን በቀን ቅደም ተከተል አስተካክል» ስትሉት ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ይሆናል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም። መፍትሔው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምድ ለያይቶ መጻፍ ነው። ይህን የሚያውቅ ተፈታኝ ከሌላው በግልጽ ይለያል፤ ሥራ ላይም ሰው ያላግባብ እንዳይመላለስ ያደርጋል።

ተረት፦ «ወላይትኛ ለፈተና አይጠቅምም»

የጽሑፍ ፈተናው በአማርኛ ቢሆን እንኳ ሥራው ከመስኮቱ ወዲያ ካለው ሰው ጋር ነው። ከኪንዶ ዲዳዬ ወይም ከዱጉና ፋንጎ የመጡ እናት ጉዳያቸውን የሚናገሩት በወላይታቶ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ከተካሄደ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ይህች ከተማ የቋንቋን ክብደት ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» የተባለውን የቅይጥ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ተቃውማ የወጣችውና በማግስቱ ዓመት ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን ያየችው ሶዶ ናት። ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ተወዳዳሪ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን አንገቱን ደፍቶ ሳይሆን ቀና ብሎ ይናገር። «ቀጠሮ»ን፣ «መጥሪያ»ን፣ «ይግባኝ»ን፣ «ዋስትና»ን ለአንድ አዛውንት በወላይታቶ ማስረዳት ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ቤቱ ይሞክር።

ተረት፦ «ለሴትና ለአካል ጉዳተኛ ያለ ውጤት ይሰጣል»

አይሰጥም። የፌዴራሉ አዋጅ 1064/2010 ያስቀመጠው ቅድሚያ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጡ ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ዝቅተኛ ተሳትፎ ላላቸው ብሔረሰቦች አባላት ነበር። መጀመሪያ ውጤቱ መኖር አለበት። ይህ ወሬ ሁለት ሰው ይጎዳል፤ ያለፈችውን ልጅ «በሴትነቷ ነው» እያለ ያሳንሳታል፣ ያላጠናችውን ደግሞ ያዘናጋታል።

ተረት፦ «ፈተናው የይስሙላ ነው፤ ሰው የሌለው አይገባም»

ከባዱ ይህ ነው። ዘመድ የሚባል ነገር የለም ብዬ አልዋሽም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ያለ ሕዝብ ያለ ምክንያት አላለም። እኔም ወጣት ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተና በጥሩ ውጤት አልፌ ለቃለ መጠይቅ ቀኑ ሳይነገረኝ አልፎብኛል። ያን ጊዜ ማንን እንደምጠይቅ አላወቅሁም፤ ቤቴ ገባሁና አለቀስኩ።

ግን ከጥርጣሬው ማን እንደሚያተርፍ እንይ። የመጀመሪያው አትራፊ ደላላው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከአሥር ተፈታኝ «አስገባሃለሁ» እያለ ገንዘብ ይይዛል። ማንንም አያናግርም፣ የሚያውቀው ባለሥልጣንም የለም። ውጤት ሲወጣ ከአሥሩ አንዱ ወይም ሁለቱ በራሳቸው ጥረት ማለፋቸው አይቀርም። የእነሱን ያስቀራል፤ ለቀሩት «ዘንድሮ አልተሳካም» ብሎ ይመልሳል፣ ወይም ይጠፋል። ያለፉት ደግሞ በእሱ እንደገቡ አምነው በየቡና ቤቱ ያስተዋውቁለታል። እንዲህ እያለ ስሙ ይገንናል። በአንድ ፈተና ላይ ምንም ሳያደርግ የሚያተርፍ ሰው እሱ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ የሚቀበል ብቻ ሳይሆን የሚሰጥም ይቀጣል። ፍርድ ቤት ለመቀጠር ብሎ ወንጀል ሠርቶ በፍርድ ቤት በር መግባት እንዴት ያለ አጀማመር ነው?

ሁለተኛው አትራፊ አጥንቶ የሚመጣው ተወዳዳሪ ነው። በወሬው ተስፋ ቆርጦ ለፈተና ያልመጣ ሰው ሁሉ ለእሱ ወንበር ይለቅለታል።

አድልዎ በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም፤ መከላከያውም አዲስ አይደለም። ቻይናውያን ለመንግሥት ሹመት ፈተና በሚሰጡበት በጥንቱ ዘመን፣ የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ፣ የተፈታኙን ስም በወረቀት ሸፍነው ይለጥፉ ነበር። ያም አልበቃ ብሏቸው አራሚው የእጅ ጽሑፉን እንዳያውቅ ጸሐፊዎች መልሱን በሌላ ወረቀት ይገለብጡት ነበር። እኛም አገር የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. ለሠራተኞቹ የብቃት ምዘና ሲሰጥ ፈተናውን ያዘጋጀው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በስም ፈንታ በኮድ ማረም፣ ፈተናውን ሌላ ተቋም እንዲያወጣው ማድረግ የሚቻል ነው። ሶዶ ውስጥም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የሕግ ትምህርት ቤትም አለው።

ተፈታኙ በበኩሉ የሚያደርገው አለ። ምዝገባ ላይ የጽሑፉ፣ የተግባሩና የቃለ መጠይቁ ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ ይጠይቅ። የስልክ ቁጥሩ በትክክል መጻፉን በዓይኑ አይቶ ይመለስ፤ የእኔ ዓይነት ነገር እንዳይደርስበት። የተለጠፈውን ማስታወቂያና የውጤት ዝርዝር ከነቀኑ በስልኩ ያንሳ። ቅር ካለው ቅሬታውን በጽሑፍ፣ ቀኑ ሳያልፍ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ያቅርብ፤ የደረሰበትን ቁጥርና ፊርማ በኮፒው ላይ ያስደርግ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ከአፍ ሲወጣ ነው የሚያበቃው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ስለ ሰነድ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ በደረጃ የሠለጠነ የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ይጠየቃል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ «አግባብነት ያለው» ካልሆነ አይቆጠርም። የመመዝገቢያው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ከወረዳ ለሚመጣ ሰው ደግሞ አንድ የጎደለ ወረቀት አንድ ሙሉ ቀንና የትራንስፖርት ብር ነው። ኦሪጅናሉንና የማይመለሰውን ኮፒ በአንድ ክላሰር አድርጋችሁ ከወዲሁ አስቀምጡ።

ያ ጥራዝ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ልጅቷ በምትኩ በየማታው አንድ ገጽ ትጽፋለች፤ ትናንት ስህተቷ አራት ብቻ ነበር።

ለፍርድ ቤቶቻችን የሰው ሀብት ክፍሎች አንድ ልመና አለኝ። ወሬ የሚያድገው ማስታወቂያው ዝም ባለበት ቦታ ነው። የሚቀጥለውን ወረቀት ስትለጥፉ ከማኅተሙ በላይ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ፈተናው ከምን ከምን እንደሚወጣ፣ የጽሑፉ፣ የተግባሩና የቃለ መጠይቁ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ ቅሬታ ለማን እስከ ስንት ቀን እንደሚቀርብ። ተፈታኞችም እነዚህን መስመሮች ካላያችሁ ገብታችሁ ጠይቁ።